ቅቤ የጠጡት ሉሎች

ግሽ ዓባይ፣ ኅዳር 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ፍሬዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ሱቅሽስ? ያቺ የምታስቸግርሽ ጉልበትሽስ? እኛ በቅዱስ ሚካኤል ጥበቃ ደህና ነን። የስልኩ መስመር ከጠፋ ወዲህ ድምፅሽን ስላልሰማሁ የምነግርሽ ነገር ተጠራቅሞብኛል።

መጀመሪያ የምሥራቹን። ልጄ ያምሮት መራዊ ላይ ሴት ልጅ በሰላም ተገላግላለች። እኔም እሷን ሳርስ ከርሜ የተመለስሁት ባለፈው ሳምንት ነው። የልጅቱ አፍንጫ ቁርጥ የአባታችን ነው። ለሴት ትንሽ ይበዛል፣ ግን ታድግበታለች።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ይህን ደብዳቤ የያዘችልሽ ጠበልተኛ በጨርቅ የተቋጠረ ነገር ትሰጥሻለች። ስትፈቺው አትደንግጪ። ከባሕሬን ስትመለሺ ያመጣሽልኝ ሉል ነው። ጊዜው ሲከፋና ሌባ ሲበዛ የት ልደብቀው ብዬ ተጨነቅሁ። ቅቤ ቆዳ ያለሰልሳል፣ ጠጉር ያሳድጋል፣ ሉልን ምን ያደርገዋል ብዬ ጓዳ ከሰቀልሁት የቅቤ ቅል ውስጥ ቀበርሁት። ባሌ ስመኘው እንኳ አያውቅም። ሉል እንዳለኝም አልነገርሁትም፣ «ለማን ልትታዪበት ነው?» እንዳይለኝ ፈርቼ። ከመራዊ መጥቼ ቅሉን ብከፍተው ክሩ በስብሶ ፍሬው ሁሉ ተበታትኗል። ያ ነጭ ሉል እንደ ሽማግሌ ጥርስ ቢጫ ሆኗል። በሎሚ ላሸው ብዬ ነበር፣ አንቺን ሳልጠይቅ እጄ አልታዘዘኝም።

ያወጣሁት በምክንያት ነው። ለጥር አቡነ ዘርአ ብሩክ ከስመኘው ጋር ልንቆርብ ነው። የንስሐ አባታችን አባ ሃይለ ሚካኤል ፈቅደውልናል። ከቅዳሴው በኋላ ትንሽ ድግስ አለ። ለዚያ ቀን ጌጥ ነገር አማረኝ ብላት የስመኘው እህት አገሬ «አያት ሆነሽ?» ብላ ሳቀችብኝ።

ፍሬዬ፣ ሙሽራ ታዝላ ነው ከቤቷ የምትወጣው። እኔ አባታችን በሞተ በዓመቱ፣ ሐዘን ቤት ዘፈን አይገባም ተብሎ፣ ያለ ድግስ አንቺን አዝዬ ነው ስመኘው ቤት የገባሁት። አንቺን በማዘሌ ቆጭቶኝ አያውቅም። ግን አንድ ቀን፣ ሰው ዞር ብሎ «ሙሽራዋ እቺ ናት» ሲል መስማት እፈልጋለሁ። ይኸው ተናገርሁት። ከቻልሽ አድኚልኝ፣ ካልቻልሽም አትዘኚ።

ስመኘው ከመጣሁ ወዲህ ፊቱን ያዞርብኛል። ጾሙ ይሆናል።

እህትሽ ወለተ ሥላሴ


ፍኖተ ሰላም፣ ኅዳር 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

የእናቴ ምትክ እትዬ፣ ጤናዎን እንደምን ይዘዋል? እንኳን ማርያም ያምሮትን ማረችልን። ጉልበቴ ዳገት ሲያይ ብቻ ነው የሚያመው፣ እዚህ ደግሞ ሜዳ ነው።

ቋጠሮውን ስፈታ ሱቁ በሙሉ ጓዳ ጓዳ ሸተተ። ቀለበቷን ልታስጠብብ የመጣች የባንክ ሠራተኛ «ፍሬ፣ ምሳ ደረሰ እንዴ?» አለችኝ።

እትዬ፣ ሎሚ እንዳይነኩ። እንዶድም አመድም ቢሆን። ሉል ብር አይደለም፣ ባሕር ውስጥ በዛጎል ሆድ የሚያድግ ነገር ነው፣ ሎሚ ቆዳውን ይበላዋል። እኔ እያንዳንዱን ፍሬ ለብ ባለ ውሃና በለስላሳ ጨርቅ ጠረግሁት። ጠረኑ ለቀቀ። ቢጫው ግን አልለቀቀም፣ ቅቤውን ጠጥተውታል። እውነቱን ልንገርዎት፣ ተቀምጬ አለቀስሁ።

በማግስቱ መስኮቱ አጠገብ ክንዴ ላይ ዘርግቼ አየሁት። ነጭ በነበረ ጊዜ በእኛ ቆዳ ላይ ኖራ ይመስል ነበር። አሁን ማር የነካው ነጭ ሆኗል፣ ከክንዴ ጋር ዘመድ መሰለ። እንዲህ ያለውን ቀለም ፈልጌ ብዞር የትም አላገኘውም ነበር። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም።

ያኔ ያመጣሁልዎ ባለሦስት ድርድር፣ ጉሮሮ አንቆ የሚይዝ፣ ከኋላው ወርቅ ቅብ አበባ ያለበት ነበር። የኮረዳ ጌጥ ነው። እኔም ልጅ ነበርሁ፣ የሚያብረቀርቅ ሁሉ ያምር ይመስለኝ ነበር። ይህን ሱቅ ከከፈትሁ ወዲህ ግን ሉላቸውን ሣጥን ውስጥ ያስቀመጡ ትልልቅ ሴቶች ብዙ መጥተውልኛል። ሁሉም የሚሉት አንድ ነው፣ «ሳደርገው የልጄን ልብስ የለበስሁ ይመስለኛል።» ጥፋቱ የዕድሜያቸው አይደለም፣ የአሠራሩ ነው። የእርስዎን ፈትቼ እንደገና እሠራዋለሁ። ከጉሮሮዎ ሥር ጀምረው የቀሚስዎ ጥልፍ እስከሚጀምርበት ድረስ በክር ለክተው ይላኩልኝ።

አንድ ነገር ግን አለ። መካከል ላይ የነበረችው ትልቋ ፍሬ ከቋጠሮው ውስጥ የለችም። ሌላው ሁሉ ከገበያ የገዛሁት ነው። እሷን ግን ባሕሬን፣ መናማ ከተማ ያሠሩኝ አሮጊት እመቤት፣ ሉል መሰካት ያስተማሩኝ እሳቸው፣ ስሰናበት ከገዛ አንገታቸው ፈትተው ነው የሰጡኝ። ቅሉን ከእርስዎ ሌላ የከፈተ ሰው አለ? እባክዎ ጓዳውን በደንብ ይዩልኝ።

ልጅዎ ፍሬሕይወት


ግሽ ዓባይ፣ ታኅሣሥ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ፍሬዬ፣ የለካሁበት ክር እዚህ ወረቀት ውስጥ አለ። አሁን ምን ያደርጋል ብትዪኝ፣ ያዘዝሽኝን ልፈጽም ብዬ ነው።

ቋጠሮው ያለበት የጉሮሮዬ ሥር ነው፣ ንቅሳቱ የሚያልቅበት። ንቅሳቴን ታውቂዋለሽ። መራዊ ላይ ፎቶ ስታነሣኝ ያምሮት «እማ፣ ነጠላውን ከፍ አድርጊው» አለችኝ። ልጄ አፍራብኝ አይደለም፣ ጎረቤቶቿ እንዳይስቁብኝ ሠግታ ነው። እኔም ሉሉ ንቅሳቱን ይሸፍንልኛል ብዬ ሳስብ ነበር።

ትልቋን ጓዳውን ገልብጬ አጣኋት። ቅሉን ማን ከፈተ ላልሽው፣ ማንም። ኅዳር ሚካኤል ማኅበር በእኛ ቤት ነበር፣ እኔ መራዊ ስለነበርሁ አገሬ መጥታ ወጡን ሠርታለች። ግን ማሰሮ ሙሉ ቅቤ አንጥሬ ትቼላት ነው የሄድሁ። ብጠይቃት «የሰው ጓዳ የምበረብር መሰለሽ?» ብላ ተቆጣችኝ።

አሁን ሥራውን ተዪው። ስመኘው ቁርባኑ ይቅር ብሏል። ለምን ብለው «አንቺው ታውቂዋለሽ» ይለኛል። ከእጄ አይቀምስም። እህቱ ቤት ሄዶ ይበላል፣ ውሃ እንኳ ራሱ ቀድቶ ይጠጣል። አባ ሃይለ ሚካኤል ዘንድ ሄጄ አለቀስሁ። አንገታቸውን ደፍተው «ልጄ፣ የሰው ንስሐ አላወጣም። ጸልዪ» አሉኝ። ሌላ ሴት ብትኖረው ይሻለኝ ነበር። ሌላ ሴት ቢያንስ ስም አላት።

ሉሉን ለያምሮት ልጅ አስቀምጪላት። ለእኔ አልተጻፈም።

ወለተ ሥላሴ


ፍኖተ ሰላም፣ ታኅሣሥ 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ቃልዎን ልሽር ነው፣ ይቅር ይበሉኝ። ሥራውን አልተውሁም። ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ፍሬዎቹን እየመረጥሁ ነበር፣ አንብቤ ስጨርስ መምረጤን ቀጠልሁ።

አንድ ድርድር ብቻ ይሆናል። ሸካራዎቹንና ጎባጦቹን አስወጥቻለሁ። በሐር ክር ነው የምሰካው፣ በየፍሬው መካከል ቋጠሮ እያደረግሁ፣ መነኮሳት መቁጠሪያ እንደሚቋጥሩት። ቢበጠስ እንኳ ከአንዲት ፍሬ በላይ አይወድቅም፣ ተጠጋግተውም አይፋተጉም። ወርቅ ቅቡን አበባ ጥዬ ቀላል የብር መቆለፊያ አድርጌለታለሁ።

ንቅሳትዎን አይሸፍንም። ከንቅሳቱ በታች ነው የሚውለው። እትዬ፣ ያ ንቅሳት እናታችን ያስነቀሰችዎ ነው፣ የመጀመሪያ ሐብልዎ እሱ ነው። የእኔ ሥራ ከሥሩ ይጨመር እንጂ በላዩ አይጋደምም። ይህን ከመናማ እመቤቴ አይደለም የተማርሁት። ልጅ ሆኜ በጀርባዎ ታዝዬ ያየሁት አንገትዎን ነው፣ ከሁሉ አስቀድሜ ያወቅሁት ጌጥ እሱ ነው።

የትልቋን ቦታ ክፍት ትቼላታለሁ።

አሁን ደግሞ ወደ አያ ስመኘው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። ደህና የኖረ ባል በድንገት ከሚስቱ እጅ ውሃ እንኳ የማይጠጣው መቼ ነው? መድኃኒት አደረገችብኝ ብሎ ሲጠረጥር ነው። ምን አግኝቶ ይጠረጥራል? እኔ አንድ ነገር መጥቶብኛል፣ ግን ሰው ሳላይ አልፈርድም። እዚህ ጥጥ ውስጥ አንዲት ትንሽ ፍሬ ጠቅልያለሁ። አያ ስመኘውም እትዬ አገሬም ባሉበት ያውጧት። ምንም አይናገሩ። ፊታቸውን ብቻ ይዩ።

ልጅዎ ፍሬሕይወት


ግሽ ዓባይ፣ ታኅሣሥ 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

አንቺ ጠንቋይ! ጽሕፈቴ ቢበላሽ አትፍረጂብኝ፣ እየሳቅሁ ነው የምጽፍልሽ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ አገሬ ቤት ገባሁ። ስመኘው ሽሮውን እየበላ ነው። ጥጡን ፈትቼ ያቺን ፍሬ ገበታው ዳር አስቀመጥኋት። ጉርሻው አፉ ሳይደርስ ቀረ።

«ሌላም አለሽ?» አለኝ።

«ብዙ አለኝ። አንዷ ጠፍታብኝ ነው» አልሁት።

እጁን ሳይታጠብ ተነሥቶ ወደ አባ ሃይለ ሚካኤል ቤት ገሰገሰ። እኔ ከኋላው፣ አገሬ ከኋላዬ። አባን «ያቺን ነገር ያውጡልኝ፣ እሷም ትየው» አላቸው። አባም ከዳዊታቸው ማኅደር በወረቀት የተጠቀለለች ነገር አወጡ። ትልቋ ናት፣ ፍሬዬ። እንደ ጨረቃ ቁጭ ብላለች።

ለካስ ኅዳር ሚካኤል ለታ ከወጡ ውስጥ ጥርሱ ላይ ቋ ብላበት ኖሯል። ሰው ሳያይ አውጥቶ ለእህቱ ያሳያታል። እሷም «ሚስትህ ቅቤውን አንጥራ የሄደችው በደጉ አይደለም፣ መስተፋቅር ቀብራብሃለች» ትለዋለች። እሱም ወስዶ ለአባ አስረክቦ፣ ከእጄ መብላት የተወው ለዚህ ነው። ከዚህ ሁሉ ዘመን በኋላ እኔ ለስመኘው መስተፋቅር! በኮረዳነቴም አላስፈለገኝ።

አባ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገው አዩዋቸው። «እኔስ ያኔም ብዬህ ነበር፣ ቅቤ ቅቤ የሚሸት መስተፋቅር አላውቅም ብዬ» አሉት። ቀጥለው «ለመሆኑ ያን ዕለት ወጡን የሠራው ማን ነው?» ብለው ጠየቁ።

ስመኘው ቀስ ብሎ ወደ እህቱ ዞረ። አገሬ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

«እንግዳው በዛ፣ የማሰሮው ቅቤ አለቀብኝ» አለች። «ቅሉን አወረድሁና ጨለፍሁ። በዚያ ጨለማ ጓዳ ምን እንዳለበት በምን ልወቅ? ጓዳ በረበረች እንዳልባል ብዬ ነው ዝም ያልሁት። ሰይጣን ነው እንጂ።»

«ሰይጣኑን ተዪው» አሉ አባ። «እንግዲያስ ለወንድምሽ መስተፋቅሩን ያበላሽው አንቺ ነሻ።»

ፍሬዬ፣ እኔ መሬት ላይ ተቀምጬ ሳቅሁ። አባም ሳቁ። አገሬም መጨረሻ ላይ እያለቀሰች ሳቀች። ስመኘው ብቻ አልሳቀም። ቤት ስንደርስ ውሃ ቀዳና ለራሱ ሳይሆን ለእኔ አቀበለኝ። ይቅር በዪኝ ማለት የማያውቅ ሰው፣ ይቅር በዪኝ አለኝ።

ቀጥሎ «ይህን ያህል ሉል ሲኖርሽ ምነው ደበቅሽኝ?» አለ።

«ለማን ልትታዪበት ነው ትለኛለህ ብዬ» አልሁት።

ጣሳውን ከእጄ ተቀበለና «ለእኔ ብትታዪስ?» አለኝ።

ቁርባኑ በቀኑ ነው። አባ ስለ ጌጡ ጠይቄያቸው ነበር። ሥጋ ወደሙ ስንቀበል አንገቴ ባዶ ይሁን፣ ከቅዳሴ በኋላ ግን «ለሠርገኛ ማጌጥ ወግ ነው» ብለውኛል። ትልቋን አልመለሱልኝም። በዕለቱ ለሙሽራው በእጁ እሰጠዋለሁ ብለው እንደገና ማኅደራቸው ውስጥ ከተቷት።

ቶሎ ጨርሺልኝ። አንቺም ነይ።

ወለተ ሥላሴ


ፍኖተ ሰላም፣ ጥር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ፣ ደብዳቤዎን ለባንክ ሠራተኛዋ አነበብሁላት። ሥራ ሰዓቷ አልፎባት ሄደች።

እኔ መምጣት አልሆነልኝም። መንገዱ እንደገና ተዘግቷል፣ መኪና የለም። በእግር እንዳልሞክረው ጉልበቴን ያውቁታል። ይህን መጻፍ ከብዶኝ ደብዳቤውን አቆይቼው ነበር። ለአቡነ ዘርአ ብሩክ በእግራቸው የሚመጡ አንዲት መነኩሲት ሉሉን ይዘውልዎታል። ከቅቤ ውስጥ የወጣ ነው ብላቸው እስኪደክማቸው ሳቁ።

ምክሬን አደራ ይያዙልኝ። ያን ቀን ጠጉርዎን ቅቤ መቀባትዎ አይቀርም፣ አንገትዎን ግን በደንብ ይጥረጉ። ሉል ሲያጌጡ የመጨረሻው፣ ሲያወልቁ የመጀመሪያው ይሁን። ነጠላውን ወደ ትከሻዎ ያውርዱት። ክፍት ከተውሁት ቦታ ላይ የሐር ክር አንጠልጥያለሁ። ትልቋን በዚያ አሳልፎ ሁለቴ መቋጠር ብቻ ነው። ቋጠሮው ትንሽ ይሁን፣ እንዳይታይ ተደርጎ ወደ ውስጥ ይገባል። እጇ ቀጭን የሆነች ልጅ ትሥራልዎ።

እኔ የለሁም ብለው እንዳያዝኑ። ያኔ ሲገቡ ነበርሁ፣ ከጀርባዎ ሆኜ።

ልጅዎ ፍሬሕይወት


ግሽ ዓባይ፣ ጥር 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

የሙሽራ እህት ሆይ፣ ሆነልኝ!

ቆረብን። ይህን በወረቀት አላብራራውም። ስትመጪ ፊቴን አይተሽ ታውቂዋለሽ።

ከቅዳሴ ወጥተን ደጀ ሰላሙ ስንደርስ ሉልሽን አጠለቅሁ። ነጠላውን እንዳልሽው አወረድሁት። ከሴቶቹ አንዷ እልልታውን ስትጀምረው ተቀባበሉት። አንዲት ባልቴት ወደ ንቅሳቴ እያየች «ይኼስ ከሥሩ የበቀለ ነው የሚመስል» አለች። ያምሮት ልጇን አዝላ ከመራዊ መጥታ ነበር። ፎቶ ልታነሣኝ ስልኳን ከፍ አድርጋ ምን እንዳለችኝ ታውቂያለሽ? «እማ፣ ነጠላውን ትንሽ ዝቅ አድርጊው።»

አባ ሃይለ ሚካኤል ትልቋን ለስመኘው ሰጡት። እጇ ቀጭን የሆነች ልጅ አዘጋጅቼ ነበር። ስመኘው «ተዪ፣ እኔ እሠራዋለሁ» አላት። ያን ጣቱን ታውቂዋለሽ፣ ሞፈርና ቀንበር የኖረበትን። ሰው ሁሉ ቆሞ እያየ ክሩን አሳለፈ፣ አመለጠው፣ እንደገና አሳለፈ። ላቡ ግንባሬ ላይ ጠብ አለ። ሲጨርስ ራቅ ብሎ አየኝ። ከኋላ የቆመ ከሩቅ የመጣ ጠበልተኛ ጓደኛውን «ሙሽራዋ የትኛዋ ናት?» ሲል ሰማሁት። ጓደኛውም «እቺ ሉል ያደረገችው ናታ» አለው።

ሰማሁት፣ ፍሬዬ። በጆሮዬ ሰማሁት።

አገሬ የእናቷን የብር ድሪ ይህን ደብዳቤ በያዘልሽ ጠበልተኛ እጅ ልካልሻለች። ሰንሰለቱ ከብዶ አንገቷን ያማታል፣ እንደ እኔው አሳምሪላት ብላለች። ንጹሕ ነው፣ ቅቤ አልነካውም።

ወለተ ሥላሴ


ፍኖተ ሰላም፣ የካቲት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ፣ ያምሮት ፎቶውን መራዊ ላይ አሳጥባ በአውቶቡስ ላከችልኝ። ሱቄ ግድግዳ ላይ ሰቅየዋለሁ። የሚገባ ሁሉ «እቺ ሴት ማን ናት?» ይላል፣ እኔም እንዳልሰማሁ ሆኜ ሁለቴ አስጠይቃለሁ።

ነገር ግን ባለሙያ ነኝና አንድ ነገር ዓይኔን ወጋኝ። ትልቋ ላይ ያለው ቋጠሮ የበሬ ማሰሪያ ነው። ከፍሬዋ እኩል ያክላል፣ ጫፉም እንደ በግ ጆሮ ወጥቷል። አያ ስመኘውን አልነቅፍም፣ እጃቸው ለሌላ ሥራ ነው የተፈጠረው። ጠበልተኛ ሲመለስ ሉሉን ይላኩልኝ፣ ፈትቼ በደንብ እቋጥረውና በሳምንቱ ይመለሳል። የእትዬ አገሬ ድሪ ደርሷል፣ ከእሱ ጋር አብሬ እልከዋለሁ።

ልጅዎ ፍሬሕይወት


ግሽ ዓባይ፣ የካቲት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ፍሬዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ?

የአገሬን ድሪ እንደፈለግሽ ፍቺው፣ ስበሪው፣ አቅልጪው። የሉሌ ክር ቢያረጅ ያንቺን ቋጠሮዎች ሁሉ ፈትተሽ እንደገና ትሠሪልኛለሽ፣ እሺ።

ያችን አንዲቷን ግን እንዳትነኪብኝ።

እህትሽ ወለተ ሥላሴ